በሬው ተቅማጥ ያዘው፦ የቅርስና ጂኦግራፊ ክበብ የ2016 ዓ.ም. ዘገባ

በጥቅምት የክበቡ አባላት የዓመቱን ርዕስ ሲመርጡ እኔ ያሰብኩት ሌላ ነበር፤ በድምፅ ብልጫ ተሸነፍኩ። ያሸነፈው ሆንግቹን ነው። በቻይና አንሁዊ ክፍለ ሀገር ከሁዋንግሻን ተራሮች ግርጌ የሚገኝ፣ ዋንግ የተባለ ጎሳ እ.ኤ.አ. በ1131 እንደቆረቆረው የሚነገርለት መንደር። ዩኔስኮ ከጎረቤቱ ከሺዲ ጋር እ.ኤ.አ. በ2000 በዓለም ቅርስነት መዝግቦታል። አንደኛው ወሰነ ትምህርት ፎቶ ስናይ አለቀ ማለት ይቻላል፦ ነጭ ግድግዳ፣ ጥቁር ጣሪያ፣ ኩሬ። ያምራል፤ ግን ከማድነቅ አላለፍንም።

ሥራ የጀመርነው የመንደሩን ካርታ ሰሌዳ ላይ ስንስል ነው። ሆንግቹን የተኛ በሬ ነው። ከኋላው ያለው ኮረብታ ጭንቅላቱ፣ ሁለት ያረጁ ዛፎች ቀንዶቹ፣ ቤቶቹ ገላው፣ ድልድዮቹ እግሮቹ። ከጅረት ተጠልፎ በየደጁ የሚዞረው ቦይ አንጀቱ፣ መሐል ያለው የጨረቃ ኩሬ ጨጓራው ነው። ኩሬውን ያስቆፈረችው፣ ባሏ ሩቅ አገር በሹመት ሳለ፣ አንዲት ሴት ናት ይባላል። ለምን ግማሽ ጨረቃ? የሞላች ጨረቃ መጉደሏ አይቀርማ፤ ግማሿ ግን ገና ትሞላለች። ሴት ተማሪዎቻችን ይህን ታሪክ እስኪሰለቸን ድረስ ደጋገሙት።

በቦዩ ውሃ አጠቃቀም ደንብ አለ፤ በማለዳ ለመጠጥ ይቀዳል፣ እጥበት ከዚያ በኋላ ነው። ይህን ስናገር፣ መስኖ ያለበት ገጠር አያቷ ዘንድ ያደገች የ10ኛ ክፍል ተማሪ እጇን አወጣች። «ቲቸር፣ ታዲያ የውሃ አባታቸው ማነው?» የመስኖውን ውሃ በተራ የሚያከፋፍለውን ሰው ማለቷ ነው። በዓመቱ ከተጠየቁት ሁሉ የተሻለው ጥያቄ ይህ ነበር። በዱሮው ሥርዓት መልሱ የጎሳው ሽማግሌዎች ነው፤ የጎሳው አዳራሽም ዛሬ ድረስ ከጨረቃው ኩሬ ዳር ቆሟል።

ተራራው የሚታረስ መሬት ስለነፈጋቸው የአካባቢው ወንዶች ገና በልጅነታቸው ለንግድ ይሰደዱ ነበር፤ ጨውና ሻይ። ያማሩት ቤቶች የተሠሩት በዚያ ገንዘብ ነው። በሳሎናቸው መሐል ሰዓት፣ በስተምሥራቅ የአበባ ማስቀመጫ፣ በስተምዕራብ መስተዋት ይቀመጣል። የሰዓቱ ድምፅ፣ ማስቀመጫውና መስተዋቱ በቻይንኛ ተከታትለው ሲጠሩ «ዕድሜ ልክ ሰላም» ከሚለው ጋር በድምፅ ይገጥማሉ። የአማርኛ መምህሩ ይህን ሲሰሙ «ሰምና ወርቅ ነዋ!» ብለው ለአንድ ሙሉ ክፍለ ጊዜ ተማሪዎቼን ወሰዱብኝ።

ለወላጆች በዓል ሞዴሉን በጭቃና በካርቶን ሠራን፤ ውሃው የሚወርደው ከሃይላንድ ጠርሙስ በጉሉኮስ ቱቦ ነበር። በዋዜማው ስንሞክረው ቦዩ አፈሰሰ፤ ግማሹ መንደር ጠረጴዛው ላይ ቀለጠ። አንዱ ከኋላ «ቲቸር፣ በሬው ተቅማጥ ያዘው!» አለ። እስኪመሽ ሻማ እያቀለጥን ቦዩን ቀባነው። በበዓሉ ዕለት ውሃው ጨጓራው ድረስ ደረሰ፤ ከዚያ አላለፈም፣ እኛም ውሃው ከኩሬው ቀጥሎ ሊደርስበት ስለሚገባው ስለ ደቡቡ ሐይቅ ማንም እንዳይጠይቅ ቶሎ ቶሎ አስጎበኘን።

በሬው አሁን ቤተ መጻሕፍቱ ጥግ ተቀምጧል። ውሃውን የ9ኛ ክፍል አባላት በተራ ይቀይራሉ። ያቺ ጠያቂ ተማሪ በአባላቱ ድምፅ የውሃ አባት ሆና ተሾማለች፤ ተራውን የዘለሉ ሁለት ልጆችንም ቀጥታለች። ቅጣቱ መጥረጊያ ነው።