ዌንዲን በሃንጋሪኛ ማን ትሏታላችሁ?

ይድረስ ለአዘጋጁ፤

ስደተኛ ስሙን የሚቀይረው አገሩን ሲረሳ ነው የሚለው ጽሑፋችሁ አልተዋጠልኝም። የሃንጋሪዎችን ነገር እዩ። የሒሳብ ሊቁ ኖይማን ያኖሽ (እነሱ የቤተሰብ ስም ያስቀድማሉ) ጀርመን ሲሄድ ዮሐን፣ አሜሪካ ሲገባ ጆን ተባለ። ያው የኛው ዮሐንስ ነው እንግዲህ! ስሙ ተተረጎመ እንጂ አልጠፋም።

ለውጡ ጎልቶ የሚታየው ልጆች ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1908 ቡዳፔስት የተወለደው የፊዚክስ ሊቅ ቴለር ኤዴ ራሱ ኤድዋርድ ሆነ። አሜሪካ የተወለዱት ልጆቹ ግን ፖልና ዌንዲ ናቸው። ፖልስ ይሁን፣ ፓል ይባላል። ዌንዲን ከየት ታመጡላታላችሁ?

እ.ኤ.አ. በ1956 በሶቪየት በሚደገፈው የሃንጋሪ መንግሥት ላይ ከተነሳው አመፅ በኋላ ወደ 200,000 የሚጠጉ ሃንጋሪዎች ተሰደዱ። እዚህ ቶሮንቶ ያሉት አዛውንት ጎረቤቴ አንዱ ናቸው። ሥራ ቦታ ስቲቭ ነበሩ፣ ቤት ውስጥ ኢሽትቫን። ለልጃቸው አና የሚለውን መረጡ፤ በሁለቱም ቋንቋ ይሄዳል። የልጅ ልጃቸው ግን ዞልታን ነው። «አስተማሪዎቹ ያጣምሙበታል» ብለው ቢጨነቁ፣ አና «ይልመዱት!» አለቻቸው።

አንባቢያችሁ፣ ከቶሮንቶ