የአካባቢ ጥበቃ ክበባችን ዓመት፦ ዛፍ እያለ የተቦረቦረው ዳገት

የትምህርት ቤታችንን ክበብ ብዙ ሰው የሚያውቀው ችግኝ ሲተክል ነው። ዘንድሮ ግን የያዝነው ሥራ ጎርፍ ቆርጦ የሚሠራውን ቦረቦር ማጥናት ነበር። አንዳንድ ባልደረቦቼ «ልጆቹን ገደል ለገደል ማዞር ምን ይጠቅማል?» ብለውኛል። ይጠቅማል። ደሴ በጦሳ ተራራና በአዝዋ ገደል መካከል ያለች ከተማ ናት። ክረምት በመጣ ቁጥር ከላይ የሚወርደው ጎርፍ ቦርከና ወንዝ የሚገባው በየደጃችን አልፎ ነው። የጠረገውን አፈርም ይዞ ወደ ኮምቦልቻ ይወርዳል።

ሳምንታዊ ስብሰባዎቻችን ተካሂደዋል፤ በሚኒ ሚዲያም ዝግጅት አቅርበናል። ዝርዝሩ መዝገብ ላይ አለ።

እኔ መንገር የምፈልገው ወደ ቦርከና ሸለቆ ስለወረድንበት ቀን ነው። ቁልቁለቱን ባህር ዛፍ ሸፍኖታል። መሃሉ ላይ ግን ሰው የሚውጥ ቦረቦር አለ። ልጆቹ ግራ ገባቸው። ስንት ጊዜ «ዛፍ አፈር ይይዛል» ብለን አስተምረናቸዋል! ክፍል ውስጥ ድምጿ የማይሰማ አንዲት የ9ኛ ክፍል ተማሪ ቦረቦሩ አናት ላይ ተንበርክካ ቆየች። የዛፎቹ ሥር አየር ላይ ተንጠልጥሏል። «ቲቸር፣ ውኃው የሚበላው ከሥሩ በታች ያለውን ነው» አለች። ከዚያ ማንም ሳይልካት ዳገቱን ወጣች። ተከተልናት። ላይ ስንደርስ የመንገድ ቦይ ውኃውን በሙሉ ወደ ጫካው ሲለቀው አገኘን።

ነገሩ እንዲህ ነው። ቅጠልና ሣር የለበሰ መሬት ዝናቡን ይመጥጣል። እዚያ ግን የባህር ዛፉ ቅጠል ለማገዶ ይጠረጋል፤ ሣሩም ሳስቷል። በዚያ ላይ ከቦይና ከከብት መሄጃ የተሰበሰበ ውኃ በአንድ መስመር ሲወርድ ጉልበት ያገኛል። አፈሩን ቆርጦ ትንሽ ደረጃ ይሠራል። ከደረጃው እየተወረወረ ግርጌውን ሲቦረቡር፣ ከላይ ያለው ድጋፍ አጥቶ ይናዳል። ስለዚህ ቦረቦር የሚረዝመው ወደ ዳገቱ ነው። ታች ደግሞ ወንዙ ወለሉን በቆፈረ ቁጥር ቦረቦሩም አብሮት ይጠልቃል። ያቺ ልጅ ዋናውን ነገር የደረሰችበት መጽሐፍ ሳትገልጥ ነው። በመምህርነት ዘመኔ እንደዚያን ቀን የኮራሁበት ጊዜ ጥቂት ነው።

ቦዩን ማስቀየስ የእኛ ሥልጣን አይደለም። የምንችለውን ግን አደረግን፤ ከላይኛው ጫፍ ጀምረን የውኃውን ጉልበት የሚሰብር የድንጋይ ክትር ሠራን። ውኃው ዳር ዳሩን እንዳይበላ መሃሉን ዝቅ አደረግነው። የበልጉ ዝናብ ታችኛውን ክትር ወሰደብን። ጋቢዮን፣ ማለትም ድንጋይ የተሞላ የሽቦ ሳጥን ቢሆን ኖሮ የተሻለ ይቋቋም ነበር። ሽቦ ግን ከየት ይምጣ? ሜትር እንኳ ስለሌለን የለካነው በገመድ ነው። ለስፖርት ማልያ በጀት እየተገኘ ለእኛ አካፋ መጥፋቱ ልጆቹን ያሳዝናቸዋል፤ እኔንም።

የምንጠይቀው ብዙ አይደለም፦ አካፋ፣ ዶማ፣ ሜትርና የጋቢዮን ሽቦ። የወላጅ መምህር ኅብረት በመስከረም ስብሰባው እንዲያይልን በጽሑፍ አመልክተናል። ኮምቦልቻ ፋብሪካዎች ውስጥ የምትሠሩ የቀድሞ ተማሪዎቻችን፣ የሽቦውን ነገር እስቲ በእናንተ በኩል ሞክሩልን። ችግኙንና አፈር የሚይዘውን ደሾ ሣርማ ሐምሌ ላይ ራሳችን እንተክላለን።