ሰኞ ጠዋት ኮምፒውተራችሁ ላይ ስለታየው የዲስክ ፍተሻ

ለተከበራችሁ ደንበኞቻችን

ጉዳዩ፦ ማብራሪያ ስለመስጠትና ይቅርታ ስለመጠየቅ

ባለፈው ሰኞ ጠዋት ከ2 ሰዓት ተኩል ጀምሮ እስከ 4 ሰዓት ድረስ ስልካችን ዕረፍት አላገኘም። ከሜክሲኮም ደወላችሁ፣ ከስታዲየምም፣ ከአራት ኪሎም፤ የነገራችሁን ግን አንድ ነው። ኮምፒውተሩ ሲከፈት የዊንዶውስ ምልክት ይመጣል፣ ከሥሩ ዲስኩ እየተፈተሸና እየተጠገነ መሆኑን የሚገልጽ የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ይታያል፣ ከአጠገቡ በመቶኛ የሚቆጥር ቁጥር አለ፣ ቁጥሩም 11 ላይ ደርሶ ቀጥ ይላል። «ቫይረስ ነው እንዴ?» ያላችሁን ብዙ ናችሁ። አንዲት የሒሳብ ሠራተኛ ደግሞ ሌላውን ሁሉ ትታ «የሰኔው ሒሳቤ አለ ወይስ የለም?» ብላ ነው የጠየቀችን።

ቫይረስ አልነበረም፤ ሃርድ ዲስካችሁም አልሞተም። ፍተሻውን ያዘዝነው እኛ ነን። ሳንነግራችሁ ማዘዛችን አንድ ጥፋት ነው፤ ማዘዝ በማይገባን ኮምፒውተር ላይ ጭምር ማዘዛችን ሌላ ጥፋት ነው። ለሁለቱም ይቅርታ እንጠይቃለን፤ እንዴት እንደሆነም እንደሚከተለው እናስረዳለን።

ሃርድ ዲስክ ውስጥ ፋይሎቻችሁ ብቻ አይደሉም ያሉት። የትኛው ፋይል የት ቦታ ላይ እንደተቀመጠና የትኛው ቦታ ባዶ እንደሆነ የሚመዘግብ ማውጫም አለ። ማውጫው ከተዛባ ፋይሉ እያለ «የለም» ሊባል ይችላል። የባሰው ደግሞ አንዱ ቦታ ለሁለት ፋይል የተሰጠ ሲሆን ነው። ዊንዶውስ ይህን የሚያስተካክልበት ቼክ ዲስክ የሚባል ፕሮግራም አለው። ችግሩ ዊንዶውስ ራሱ ሲ ድራይቭ ላይ ተቀምጦ ስለሚሠራ፣ ሥራ ላይ እያለ የሲን ማውጫ ሙሉ በሙሉ ማረም አይቻልም። መርካቶ ያለ ነጋዴም ዕቃ ሲቆጥር በሩን ዘግቶ ነው፤ ደንበኛ እየገባ እየወጣ የተቆጠረ ቆጠራ አይታመንም። ስለዚህ ፍተሻው ለሚቀጥለው ሪስታርት ይቀጠራል። ኮምፒውተሩ ሲነሣ፣ ገና የይለፍ ቃል ሳይጠይቃችሁ፣ አውቶቼክ የሚባል ትንሽ ፕሮግራም እያንዳንዱን ድራይቭ ያያል፤ «ንጹሕ አይደለም» የሚል ምልክት ካገኘበት ይፈትሸዋል።

ምልክቱ እዚያው ዲስኩ ላይ የሚቀመጥ አንዲት ቢት ናት፤ ወይ 0 ወይ 1። አብዛኛውን ጊዜ ዊንዶውስ ራሱ ጉዳት ሲያይ 1 ያደርጋታል። ነገር ግን የአስተዳዳሪ ፈቃድ ያለው ፕሮግራምም ማድረግ ይችላል፤ ኮምፒውተራችሁ ላይ ያለው የእኛው የጥገና ፕሮግራም ያደረገው ይህንኑ ነው።

የራሳችሁ የአይቲ ባለሙያ ያላችሁ ሁለት ደንበኞች ለምን በዚህ መንገድ እንደሠራነው ጠይቃችሁናል፤ ሌሎቻችሁ ይህን አንቀጽ ብትዘሉት ምንም አይቀርባችሁም። መጀመሪያ የሞከርነው ቼክ ዲስክን በፕሮግራም አስነሥተን «ለሚቀጥለው ሪስታርት ልቅጠረው?» ብሎ ሲጠይቅ ፕሮግራማችን ራሱ «ዋይ» (የእንግሊዝኛው «የስ» የመጀመሪያ ፊደል) ብሎ እንዲመልስለት ነበር። ይህ እስከ አንድ ቢሮ ድረስ ሠራ። እዚያ ያለው ዊንዶውስ ፈረንሳይኛ ስለነበር የፈረንሳይኛውን «አዎ» የመጀመሪያ ፊደል «ኦ»ን ነው የሚጠብቀው፤ የእኛን «ዋይ» አልተቀበለውም። ቀጥለን ደብሊውኤምአይ በሚባለው የዊንዶውስ ማስተዳደሪያ በኩል ያለውን የቀጠሮ ትእዛዝ ሞከርን። እሱ «ተሳክቷል» ብሎ 0 ይመልሳል፣ ኮምፒውተሩ ሪስታርት ይደረጋል፣ ምንም ፍተሻ ግን የለም። ግማሽ ቀን ካባከንን በኋላ ነው የገባን፦ ያ ትእዛዝ ፍተሻውን የሚቀጥረው ምልክቷ አስቀድማ 1 ከሆነች ብቻ ነው። ስለዚህ በመጨረሻ በቀጥታ ምልክቷን ወደማድረግ ሄድን፤ ኤፍኤስዩቲል በሚባለው የዊንዶውስ ትእዛዝ ወይም ፕሮግራም በቀጥታ ለዲስኩ በሚልከው የቁጥጥር ኮድ ይቻላል፣ ቋንቋም አይመርጥም።

ያልተጠነቀቅንበት ነገር ቢኖር ይህች ምልክት መመለሻ የሌላት መሆኗን ነው። የማድረጊያ ትእዛዝ አላት፣ መጠየቂያም አላት፤ የማንሻ ትእዛዝ ግን የላትም። የሚያነሣት ፍተሻው ራሱ ተጠናቆ ብቻ ነው።

ዓርብ ማታ መብራት ሦስት አራት ጊዜ ሄዶ መጣ። ፕሮግራማችን ደግሞ «ኮምፒውተሩ በአግባቡ ሳይዘጋ ተነሥቷል» የሚለውን በዊንዶውስ የክስተት መዝገብ ውስጥ ያለውን የ41 ቁጥር መዝገብ ባየበት ሁሉ ምልክቱን እንዲያደርግ አዘዝነው ነበር። ይህ ከልክ ያለፈ ጥንቃቄ ነው። ኤንቲኤፍኤስ በሚባለው የዊንዶውስ የፋይል አደረጃጀት የተዘጋጀ ዲስክ ማውጫውን ከመቀየሩ በፊት ሊያደርግ ያሰበውን እዚያው ባለ የራሱ መዝገብ ይጽፋል፤ መብራት ቢጠፋበት ሲነሣ መዝገቡን አይቶ የተጀመረውን ይጨርሳል ወይም ይመልሳል። ብዙ ጊዜ ሌላ ፍተሻ አያስፈልገውም። ስህተቱን እሑድ ማታ ስናይ ምልክቱ ገብቷል። ሲነሣ ያንን ድራይቭ እንዲዘለው ማድረግ እንችል ነበር፤ ነገር ግን ከመካከላችሁ ዲስኩ በእርግጥ የተጎዳበት ቢኖር እሱንም አብረን መሸፈናችን ነው። ስለዚህ ተውነው፤ ሰኞም መጣ።

ሰኞ ሳይሆን ረቡዕ ያያችሁትም አላችሁ። ከዊንዶውስ 8 ወዲህ «ሸት ዳውን» ስትሉ ኮምፒውተሩ አብዛኛውን ጊዜ እንደ ድሮው ሙሉ በሙሉ አይዘጋም፤ ቶሎ ለመነሣት ሲል የሥርዓቱን ልብ ዲስክ ላይ አስተኝቶ ነው የሚጠፋው። ጠዋት የሚነሣው እንቅልፍ ላይ የነበረው ስለሆነ አውቶቼክ ተራ አያገኝም። «ሪስታርት» ስትሉ ግን ያገኛል። ማታ ዘግታችሁ ሄዳችሁ ረቡዕ የሆነ ፕሮግራም ሪስታርት ከጠየቃችሁ፣ ነገሩ ይኸው ነው።

አንዷ ጸሐፊ ደግሞ ፍተሻው ሦስት ጠዋት ተከታትሎ መጣብኝ አለች። ሄደን አጠገቧ ቆመን አየናት። ኮምፒውተሩን ከፈተች፣ ቦርሳዋን አስቀመጠች፣ ስክሪኑን ሳታይ «ኢንተር»ን ደጋግማ መታች። ፍተሻው ከመጀመሩ በፊት ለጥቂት ሰከንድ የሚቆጥር ቆጣሪ አለ፤ በዚያ መካከል ማንኛውም ቁልፍ ከተነካ ፍተሻው ይዘለላል። ምልክቷ ግን እንዳለች ናት፣ ስለዚህ ነገም ተመልሶ ይመጣል። በአራተኛው ቀን እጇን አጣጥፋ ተቀመጠች፤ ቡናዋን ሳትጨርስ ፍተሻው አለቀ።

እንዲህ ያለ ጽሑፍ ስታዩ እንግዲህ ቁልፍ አትንኩ፤ ከሁሉ በላይ ደግሞ ኃይሉን ከማከፋፈያው አትንቀሉ። ቁጥሩ አንድ ቦታ ላይ ብዙ ደቂቃ መቆሙ የተለመደ ነው። ማውጫው እየተጻፈ እያለ ኃይሉን መንቀል ከመብራት መጥፋቱ የከፋ ጉዳት ሊያደርስ ይችላል። ዩፒኤስ ላይ ያለ ኮምፒውተር ከሆነ ባትሪው የሚሠራ መሆኑን አረጋግጡ፤ ጥቁር ሳጥን ሁሉ ዩፒኤስ አይደለም፣ ስንቶቻችሁ ጋ ባትሪው ካለቀ ዓመት እንዳለፈው እናውቃለን።

ስለ ሰኔው ሒሳብም እንናገር። ፍተሻው የሚያርመው ማውጫውን እንጂ የፋይሉን ውስጥ አይደለም። መብራት ሲጠፋ ፒችትሪ በሚባለው የሒሳብ ፕሮግራም ላይ ግማሹ የተመዘገበ ቫውቸር ከነበረ፣ ቼክ ዲስክ «ምንም ችግር አላገኘሁም» ቢላችሁም ቫውቸሩ ግማሽ ሆኖ ሊቀር ይችላል። ስለዚህ ከእንዲህ ያለ ማታ በኋላ የመጨረሻዎቹን ምዝገባዎች ከወረቀቱ ጋር አመሳክሩ፤ ባክአፑም አይቅር። የጠየቀችን እኅታችን ሒሳብ አለ፤ ሁለት ደረሰኝ ብቻ እንደገና አስገብታለች።

ከዚህ ሳምንት ጀምሮ የቀየርነውን እነሆ። በመብራት መጥፋት ብቻ ምልክት አናደርግም፤ ዊንዶውስ በ55 ቁጥር መዝገብ የማውጫው መዋቅር መበላሸቱን ሲናገር ብቻ ነው። ያኔም አስቀድመን ደውለን ወይም በቴሌግራም ጽፈን ቀንና ሰዓት እናንተ ትመርጣላችሁ፤ ቅዳሜ ከሰዓት ለብዙዎቻችሁ እንደሚመች እናውቃለን። ፋይሎቻችሁ ዲ ድራይቭ ላይ ከሆኑ፣ ሰው በሌለበት ማታ ድራይቩን ነጥለን መፈተሽ ስለምንችል ሪስታርት እንኳ አያስፈልግም። የ7 ቁጥር መዝገብ ካየን ግን፣ ማለትም ዲስኩ የማይነበብ ቦታ አለው ከተባለ፣ ፍተሻ አናዝም። መጀመሪያ ፋይላችሁን ወደ ሌላ ዲስክ እንገለብጣለን። እየደከመ ያለ ዲስክ ላይ ሙሉውን ገጽ የሚያነበውን ፍተሻ ማዘዝ የቀረችውን ትንሽ ጉልበት መጨረስ ነው፤ 1 ቴራባይት ዲስክ በሰከንድ 100 ሜጋባይት ቢያነብ እንኳ ወደ ሦስት ሰዓት ያለ ዕረፍት ይሽከረከራል።

የሰኞው ፍተሻ ውጤት በየኮምፒውተራችሁ የአፕሊኬሽን መዝገብ ውስጥ በዊንኢኒት ስም በ1001 ቁጥር ተቀምጧል። እኛው አንብበን የየድርጅታችሁን ውጤት እስከ ዓርብ እንልክላችኋለን፤ ዲስኩ መቀየር ያለበት ካለም በዚያው እንጽፋለን። ለፍተሻውም ለጉብኝቱም ክፍያ አንጠይቅም።

ከሰላምታ ጋር
የጥገና ክፍሉ
አዲስ አበባ