ለክሊኒካል ምርምር ባለሙያዎች የብቃት ደረጃ ይውጣ

ለተከበራችሁ የዝግጅት ክፍሉ ባልደረቦች፣

የአንድ አዲስ መድኃኒት ወይም ክትባት የሙከራ ውጤት ይፋ በሆነ ቁጥር ዜናው ስለ ፈዋሽነቱ፣ ስለ አምራቹና ስለ ዋናው ተመራማሪ ይነግረናል። ውጤቱን ከሕመምተኛው አልጋ አጠገብ ሆነው የለቀሙት ነርሶች፣ የጥናት አስተባባሪዎች፣ ፋርማሲስቶች፣ የላቦራቶሪና የዳታ ባለሙያዎች ለሥራው ምን ያህል ብቁ እንደነበሩ የሚጠይቅ ጋዜጠኛ ግን እስካሁን አላጋጠመኝም። ይህን ስል በጋዜጠኞች ላይ መፍረዴ አይደለም፤ በሙያው ውስጥ ያለነው እኛም ጥያቄውን የምናልፈው በአንድ ወረቀት ነው።

ወረቀቱ የመልካም ክሊኒካዊ አሠራር (በሰው ላይ የሚደረግ የሕክምና ሙከራ የሚመራበት ደንብ) ሥልጠና የምስክር ወረቀት ነው። ኢ6 በሚል መጠሪያ የሚታወቀው የዚሁ አሠራር ዓለም አቀፍ መመሪያ እ.ኤ.አ. በ1996 ከወጣበት ጊዜ ጀምሮ በሙከራ ሥራ የሚሳተፍ እያንዳንዱ ሰው ለተሰጠው ተግባር በትምህርት፣ በሥልጠናና በልምድ ብቁ እንዲሆን ያዛል። ሐሳቡ ከዚያም በፊት የነበረ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1947 የወጣው የኑረምበርግ ድንጋጌ በሰው ላይ የሚደረግ ሙከራ በሳይንስ ብቁ በሆኑ ሰዎች ብቻ እንዲካሄድ ይደነግጋል። ትእዛዙ ይህን ያህል ግልጽ ሆኖ ሳለ፣ ብቃት በየሥራ ድርሻው ምን ማለት እንደሆነና በምን እንደሚለካ በየማዕከሉ ሳይወሰን በመቅረቱ፣ ክፍተቱን በጥቂት ሰዓታት የኮምፒውተር ትምህርትና በምርጫ ጥያቄዎች ሞላነው።

ከዓመታት በፊት በአስተባባሪነት በሠራሁበት አንድ የጥናት ማዕከል፣ የሙከራ መድኃኒቱ የሚቀመጥበት ማቀዝቀዣ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ከተፈቀደው ወሰን አልፎ ማደሩ አንድ ጠዋት ታወቀ። ተረኛው ባልደረባዬ ሥልጠናውን ከወሰደ ወር ያልሞላውና ፈተናውንም በከፍተኛ ነጥብ ያለፈ ነበር። ደንግጦ ጠርሙሶቹን በሙሉ አስወገዳቸው። ማድረግ የነበረበት ለብቻ ለይቶ፣ ማንም እንዳይጠቀምባቸው ምልክት ለጥፎ፣ በትክክለኛው ሙቀት አቆይቶ፣ የሌሊቱን የሙቀት ንባብ ለስፖንሰሩ (ጥናቱን ለሚያስጀምረውና ኃላፊነቱን ለሚወስደው ድርጅት) ልኮ ውሳኔ መጠበቅ ነበር፤ መድኃኒቱ ሙቀትን እስከ ምን ድረስ እንደሚቋቋም የሚያሳየው መረጃ ከታየ በኋላ ጥቅም ላይ እንዲውል ሊፈቀድ ይችላልና። በዚያ ሳምንት ቀጠሮ የነበራቸው ተሳታፊዎች መድኃኒታቸውን ሳይወስዱ ተመለሱ። በኋላ ሞኒተሯ፣ ማለትም የጥናቱን አካሄድ ስፖንሰሩን ወክላ የምትከታተለው ባለሙያ፣ መጥታ፣ ይህ ሰው ለዚህ ሥራ ብቁ መሆኑን በምን እንዳወቅን ስትጠይቅ፣ ከፋይሉ አውጥተን ያሳየናት ያንኑ የምስክር ወረቀት ነው። እሷም ቀኑን አይታ በቅጿ ላይ ምልክት አደረገችና ወደሚቀጥለው ጥያቄ አለፈች። ከባልደረባዬ ስሕተት ይልቅ እስከ ዛሬ የሚከነክነኝ ያ ምልክት ነው።

የብቃት ደረጃ ለማውጣት ከባዶ መነሳት አያስፈልግም። እ.ኤ.አ. በ2014 የክሊኒካል ሙከራ ብቃት የጋራ ግብረ ኃይል በየድርጅቱ ተበታትነው የነበሩትን ዝርዝሮች አስማምቶ በስምንት ዘርፎች አስቀምጧል። ዘርፎቹ የሳይንስ ጽንሰ ሐሳብንና የጥናት ንድፍን፣ ሥነ ምግባርንና የተሳታፊዎችን ደኅንነት፣ የመድኃኒት ልማትንና ቁጥጥርን፣ የሙከራ አፈጻጸምን፣ የጥናትና የማዕከል አስተዳደርን፣ የዳታ አያያዝን፣ አመራርንና ሙያዊነትን፣ እንዲሁም ተግባቦትንና የቡድን ሥራን ይሸፍናሉ። ቆየት ብሎም እያንዳንዱ ብቃት በመሠረታዊ፣ በሠለጠነና በላቀ እርከን ተከፍሏል። እኔ ከስምንቱ ዘርፎች ይልቅ ሦስቱን እርከኖች እወዳለሁ፤ ዝርዝር ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ሊቀር ይችላል፣ እርከን ግን ሰውየው ዛሬ የት እንዳለና ቀጥሎ ምን መቻል እንዳለበት እንድንናገር ያስገድደናል።

የተሳታፊን ፈቃድ መቀበልን እንውሰድ። በመሠረታዊ እርከን ያለ ባለሙያ በሥነ ምግባር ኮሚቴ የጸደቀውን የቅጹን ትክክለኛ እትም ይለያል፣ ተሳታፊው ማንበብ የማይችል ከሆነ ገለልተኛ ምስክር እንደሚያስፈልግ ያውቃል፣ ፊርማና ቀኑ ማንኛውም የጥናቱ ምርመራ ከመጀመሩ በፊት መሞላታቸውን ያረጋግጣል። የሠለጠነው ከዚህ አልፎ፣ ተሳታፊው የተነገረውን በራሱ አባባል መልሶ እንዲያስረዳ ይጠይቃል፤ «ሐኪሙ ለእኔ የሚሻለውን መርጦ ይሰጠኛል» የሚል መልስ ሲሰማም መድኃኒቱ በዕጣ እንደሚመደብ ገና እንዳልገባው ተረድቶ ወደ ኋላ ይመለሳል። ምርምርን ከግል ሕክምና ጋር የማምታታት ይህ ችግር በሙያው ጽሑፎች እ.ኤ.አ. ከ1982 ጀምሮ ስም ወጥቶለታል፤ በምርጫ ጥያቄ ግን አይገኝም፣ ሰው ፊት ለፊት ተቀምጦ ሲያዳምጥ ብቻ ነው የሚታየው። በላቀው እርከን ያለው ደግሞ ብዙ ተሳታፊዎች የሚሳሳቱበትን አንቀጽ ከቅጹ ላይ ነቅሶ ለዋናው ተመራማሪ ያመለክታል፣ ማሻሻያው እንዲዘጋጅ ያደርጋል፣ አዳዲስ ባልደረቦችንም ያርማል። እንግዲህ ሦስቱም ሰዎች ዛሬ በፋይላቸው የሚገኘው አንድ ዓይነት ወረቀት ነው።

የሥራ ቅጥርም ከዚሁ የተለየ አይደለም። ለሞኒተርነት የሚወጡ ማስታወቂያዎች የሁለት ዓመት ልምድ መጠየቅን ልማድ አድርገውታል፤ ልምዱን ያላገኘ አይቀጠርም፣ ካልተቀጠረም ልምዱን አያገኝም። ዓመት መቁጠር ቀላል በመሆኑ ነው እንጂ የተቆጠረው ዓመት ምን እንደተሠራበት አይናገርም። በሌላ በኩል ለዓመታት በተሳታፊዎች ላይ የሚደርሱ ከባድ አሉታዊ ክስተቶችን በ24 ሰዓት ውስጥ ስታሳውቅ፣ የመነሻ ሰነዶችንም (መረጃው መጀመሪያ የሚመዘገብባቸውን ሰነዶች) ስታስተካክል የኖረች ነርስ በደመወዝ መዝገቡ ላይ አሁንም ተራ ነርስ ሆና ትገኛለች፤ የምርምር ሥራዋ የራሱ መጠሪያም የእድገት መሰላልም የለውም። ሠልጥነው የሚለቁብን ባለሙያዎች የሚበዙት በዚህም ጭምር ይመስለኛል።

ሌላ ደረጃ ሌላ ወረቀት ይጨምራል የሚሉ ባልደረቦች አሉ፤ ስጋታቸው ከእውነት የራቀ አይደለም። ስለዚህ ከሚጨመረው በፊት የሚቀነሰው ይነገር። በአምስት ጥናቶች የሚሠራ ሰው ለአምስት ስፖንሰሮች አንድ ዓይነት ሥልጠና አምስት ጊዜ እንዲወስድ መጠየቁ ይቁም። በጥር 2025 (እ.ኤ.አ.) የጸደቀው የኢ6 ሦስተኛ ማሻሻያም ለሙከራው የሚሰጥ ሥልጠና ከባለሙያው የተለመደ ትምህርትና ልምድ በላይ ለሆነው ተግባር የሚያስፈልገውን ያህል እንዲሆን ነው የሚለው። በዚህ የሚተርፈው ጊዜ በሥራ ላይ ለሚደረግ ምዘና ይዋል፤ አዲስ አስተባባሪ ብቻውን ፈቃድ ከመቀበሉ በፊት የተወሰኑ ጊዜ በአንጋፋ ባልደረባ ፊት ይሥራ፣ መድኃኒት የሚረከብም የሙቀት ችግር እንደተፈጠረ ተደርጎ በተግባር ይፈተን፣ ውጤቱም ስሙ በሥራ ውክልና መዝገቡ (ማን የትኛውን የጥናት ተግባር እንዲሠራ እንደተወከለ በሚጻፍበት) ላይ ከመስፈሩ በፊት ይጻፍ።

ደረጃውን ማን ይጻፈው የሚለው እኔን ከይዘቱ በላይ ያሳስበኛል። ለተቆጣጣሪዎችና ለስፖንሰሮች ብቻ ከተተወ ለፍተሻ የሚመች ሰነድ ይወጣል፤ ለዩኒቨርሲቲዎች ብቻ ከተተወም ሌላ የትምህርት ፕሮግራም ይሆናል። የጥናት ነርሶች፣ አስተባባሪዎችና የዳታ ሠራተኞች፣ ከእነሱም ጋር ቀደም ሲል በሙከራ የተሳተፉ ሰዎች በረቂቁ ላይ እኩል ድምፅ ይኑራቸው። እናንተም ስለ ሙከራ ውጤት ስትዘግቡ፣ ፈቃዱን የተቀበሉትና ዳታውን የመዘገቡት ባለሙያዎች ብቃታቸው በምን እንደተመዘነ ዋናውን ተመራማሪ እንድትጠይቁልን በአክብሮት አመለክታለሁ።

ከሰላምታ ጋር
አንድ የክሊኒካል ምርምር አስተባባሪ