ጉዳዩ፦ አሸዋ መሬት ላይ ስለተተከለ የዋልካ መለኪያ

መጋቢት 3 ቀን 2017 ዓ.ም.
ባቱ (ዝዋይ)

ለጠብታ መስኖ ዕቃ አቅራቢው ድርጅት
የደንበኞች አገልግሎት ክፍል
አዲስ አበባ

ጤና ይስጥልኝ።

ባለፈው ነሐሴ ከእናንተ የጠብታ መስኖ መስመርና ስድስት የአፈር እርጥበት ሴንሰር፣ አፈሩ ሲደርቅ ስልኬ ላይ ማንቂያ የሚልክ መለኪያ፣ ገዝቼ ያስተከልኩ ደንበኛችሁ ነኝ። ባቱ አጠገብ አንድ ሄክታር ወይን አለኝ፣ 2,500 እግር። ስልክ በደወልኩ ቁጥር "እናሳውቅዎታለን" እየተባልኩ ሦስት ወር ሞላኝ። እስቲ ደግሞ በጽሑፍ ልሞክር ብዬ ነው።

መጀመሪያ ለምን እንደገዛሁ ልንገራችሁ። ድሮ ውኃ የማጠጣው ቀን ቆጥሬ ነበር። ክረምት ሲወጣ ወይኑን እገርዛለሁ፤ ከዚያ በየስንት ቀኑ እንደሚጠጣ እጄ ያውቀዋል። ከ2008ቱ ድርቅ ወዲህ ግን ቆጠራው አልሠራልኝም። ዝናቡ ቀኑን አይጠብቅም። ሲመጣም የሳምንታት ድርሻውን በሁለት ሦስት ቀን ያወርደዋል፤ አሸዋ ደግሞ ያን ሁሉ ይዞ አያቆይም። በጋው ሲሞቅ ቅጠሉ የሚያተነው ውኃ ይጨምራል። ያው የቀን ቆጠራ አንዱን ዓመት ያጠግባል፣ ሌላውን ያስጠማል። የሽያጭ ሠራተኛችሁ "ከእንግዲህ ጋሼ፣ አፈሩ ራሱ ስልክ ይደውልልዎታል" ሲለኝ ደስ ብሎኝ ሳልከራከር ከፈልኩ።

አፈሩ አልደወለም።

ኅዳር ላይ አበባው ፍሬ ሊይዝ ሲል የጫፍ ቅጠሎች እኩለ ቀን ላይ ይጠወልጉ ጀመር። ስልኬ ዝም። አበባው ረገፈ፤ የቀረው ዘለላ ጥርሱ እንደወለቀ ልጅ ክፍት ክፍት ሆነ። ደውዬ ስጠይቅ ባለሙያችሁ "ወይን ድርቀት ይወዳል፣ አይጨነቁ" አለኝ። ይወዳል፣ አልክድም። ፍሬ ከያዘ በኋላ ትንሽ ቢጠማ ቅጠል ማብዛቱን ይተዋል፣ ፍሬውም ይጣፍጣል። አበባ ላይ ሲጠማ ግን የሚጣፍጠው ፍሬ ራሱ አይኖርም። ይህን እኔ ለባለሙያ ማስረዳት ነበረብኝ?

ታኅሣሥ ላይ ዶማ ይዤ ራሴ ቆፈርኩ። ውላችን ሴንሰሮቹ 30 እና 60 ሳንቲ ሜትር ላይ ይቀበራሉ ይላል። 60 የተባለውን 35 ላይ አገኘሁት። የላይኛው ደግሞ 15 ላይ፣ ልክ ጠብታው የሚወድቅበት ቦታ ተሰክቷል። እዚያማ ሁሌም እርጥብ ነው። የሚያፈስ ጣሪያ ሥር ድስት አስቀምጦ "ዘንድሮ ጥሩ ዘነበ" እንደማለት ነው። አንድ ክንድ ያህል ራቅ ብዬ አፈሩን ጨብጬ እጄን ስከፍት እንደ ጤፍ በጣቶቼ መሃል ወረደ።

የልጄ ጓደኛ ስልኬ ላይ ያለውን ፕሮግራም ከፍቶ ሲያየው ደግሞ የባሰ ነገር ተገኘ። የአፈር ዓይነት በሚለው ቦታ "ከባድ ሸክላ"፣ ማለትም ዋልካ፣ ተመርጧል። ማንቂያው የተሞላው 90 ሴንቲባር ላይ ነው። ያኔ ቁጥሩ አልገባኝም ነበር፤ አሁን በኪሳራ ተምሬዋለሁ። ሥሩ ውኃውን ከአፈሩ ለመንጠቅ የሚያወጣው ጉልበት ነው፤ ቁጥሩ ሲያድግ ተክሉ ይቸገራል። ዋልካ ውኃ አጥብቆ ስለሚይዝ 90 ላይም ለሥሩ የሚተርፍ አለው። አሸዋ ግን ገና ከ20 እስከ 40 ባለው ውስጥ አብዛኛውን ጨርሷል። ስለዚህ ሴንሰሩ በትክክል ተቀብሮ ቢሆን እንኳ ማንቂያችሁ የሚደርሰው ለለቅሶ ነበር። ባቱ አሸዋማ መሆኑን ለማወቅ ጎንበስ ብሎ አንድ እፍኝ ማንሳት ይበቃል። ተካዮቻችሁ አንድ ከሰዓት መጥተው ጨርሰው ሄዱ፤ አፈሩን የነካ አላየሁም።

ይህን ሁሉ ስነግረው ያው ባለሙያ ጥር ላይ "እንግዲያው አንድ 12 ሰዓት ይልቀቁት" አለኝ። በሰዓት 4 ሊትር በእያንዳንዱ እግር፣ 48 ሊትር ነው። በ2,500 እግር 120,000 ሊትር። አሸዋው ብዙውን ከሥሩ በታች አሳለፈው። የናፍጣው ይቅር። ከሐይቁ የምንቀዳው ብዙ ነን፤ ከዚሁ ከደንበል (ዝዋይ) ሐይቅ የሚተርፈው በቡልቡላ ወንዝ ወርዶ ነው አቢጃታ ሐይቅን የሚያገኘው፤ አቢጃታ ምን ያህል እንደሸሸ ደግሞ በዚያ መንገድ ያለፈ ሁሉ አይቶታል። ያን ያህል ውኃ በከንቱ ማፍሰስ ያሳፍራል።

ለሥሩ የደረሰው ደግሞ ሌላ ጣጣ አመጣ። ፍሬው ቀለም እየቀየረ ነበር። ተጠምቶ የቆየ ፍሬ ድንገት ሲጠጣ ቆዳው አይችለውም፣ ተሰነጠቀ። ተርብ ወረረው፣ ከዚያ ሻጋታ። ነጋዴው መጥቶ ሁለት ዘለላ ገለበጠና ሲሶውን ትቶ ሄደ።

እውነቱን ለመናገር ቧንቧችሁ ጥሩ ነው። ማጣሪያውም የሐይቁን ደለል ችሎታል። ቅሬታዬ በዕቃው አይደለም፤ ዕቃውን ምን ዓይነት መሬት ላይ እንደሚተክሉት ሳይጠይቁ በተከሉት ላይ ነው።

አሁን የምጠይቀው ይህ ነው። አፈር የሚያውቅ ሰው ላኩ፤ ስድስቱም ሴንሰሮች ከጠብታው ራቅ ብለው በውሉ ጥልቀት እንደገና ይቀበሩ፤ ማንቂያው በእኔ አፈር ልክ ይሞላ። የተከላና የምክር አገልግሎት ብላችሁ የተቀበላችሁኝን ገንዘብ መልሱልኝ። በጠፋው ምርት ላይ ደግሞ ቁጭ ብለን እንነጋገር፤ አበባው ሲረግፍ ቀድሜ መቆፈር ነበረብኝ፣ ያንን የእኔን ድርሻ እወስዳለሁ። በ15 ቀን ውስጥ በጽሑፍ መልስ ካላገኘሁ ጉዳዩን ወደ ሸማቾች ጥበቃ እወስደዋለሁ።

የውሉን ቅጂ፣ የጉድጓዶቹን ፎቶና የስልኬን መልእክቶች አያይዣለሁ። የሚመጣው ሰው ጠዋት ይድረስ፣ ከሰዓት ፀሐዩ አያስቆፍርም። ዶማ እኔ ጋ አለ።

ከአክብሮት ጋር
ደንበኛችሁ፣ ከባቱ