ጥፋቱ የጆሮሽ ብቻ አይደለም

እማዬ፣ እንዴት ነሽ? ጉልበትሽስ ተሻለሽ?

ባለፈው በስልክ "ይሄ አዲሱ ቲቪ አይወደኝም" ብለሽ ስትስቂ እኔም ስቄ ዘጋሁት። በኋላ ግን ከነከነኝ። ደውዬ እንዳላስረዳሽ ገና ሳልጀምር "በቃ ሒሳብ እንዳይቆጥርብህ" ትዪኛለሽ፣ ስለዚህ ልጻፍልሽ አልኩ።

መጀመሪያ ይቅርታ። አብረን ፊልም ስናይ "ምን አለ? ምን አለችው?" ባልሽ ቁጥር ስንቴ እንደተነጫነጭኩብሽ አውቃለሁ። አንዴማ "ጆሮሽን ታዪ እንጂ" ብዬሽ ምንም ሳትመልሺልኝ ተነስተሽ ገባሽ። አሁን ጉዱን ልንገርሽ። እኔም አልሰማም! አፌን በፈታሁበት ቋንቋ የተሠራ ፊልም እንኳን ከሥር ጽሑፉ ካልወጣልኝ ግማሹ ያመልጠኛል። ጓደኞቼም እንደዛው ናቸው፣ ሁላችንም እያነበብን ነው የምናየው።

ምክንያቱ ብዙ ነው። ያ ሆዳሙ የድሮ ቲቪ ለስፒከር ቦታ ስለነበረው ብዙ ጊዜ ፊት ለፊት ወደ ሰው ነበር የሚያወራው። የዛሬው እንደ ሰሌዳ ቀጥኗል፣ ስፒከሩም አንሶ ከሥሩ ወይም ከጀርባው ተለጥፏል፣ ስለዚህ ድምፁ መጀመሪያ ግድግዳውን ያናግርና ከዚያ ነው ወደ አንቺ የሚመጣው። ፊልሙ ደግሞ ድምፁ የሚቀናበረው ዙሪያውን ስፒከር ለተተከለበት ሲኒማ ቤት ነው። ያ ሁሉ በሁለት ትንንሽ ስፒከሮች ሲታጨቅ ንግግሩ ከፍንዳታውና ከማጀቢያው ሥር ይቀበራል። ተዋናዮቹም ልብሳቸው ውስጥ የምትደበቅ ማይክ ስላለች ድምፃቸውን ማውጣት ትተዋል። በሹክሹክታ ካልተነገረ ትወና የማይመስለው ዳይሬክተር በዝቷል ባይ ነኝ፣ ይሄ የራሴ ቂም ነው። ጆሮሽን መታየቱን አልተውኩልሽም። ግን ጥፋቱ ያንቺ ብቻ አይደለም።

ሌላም ነገር ቀድመሽኝ አይተሻል። ቲቪው የተገዛ ሰሞን "ይሄ ፊልም ምነው የቲያትር ልምምድ መሰለ?" ብለሽ ነበር። እኔ "ጥራቱ ነው" ብዬ ተመጻደቅኩ። ለካ ዓይንሽ ልክ ነው። ፊልም ድምፅ ካወጣበት እ.ኤ.አ. ከ1920ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ በሰከንድ 24 ምስል ነው የሚታየው። አዲሶቹ ቲቪዎች በመሃል ከራሳቸው የፈጠሩትን ምስል ይጨምሩበትና እንቅስቃሴውን ያለሰልሱታል። ለኳስ ሸጋ ነው። ለፊልም ግን ሕልሙን ገፍፎ ተዋናዩ ሳሎንሽ ውስጥ ሜካፕ ተቀብቶ የቆመ ያስመስለዋል። ሴቲንግ ውስጥ ስትገቢ፣ የምስል ማስተካከያው ላይ፣ "ሞሽን" የሚል ቃል ያለበትን ፈልገሽ አጥፊው። "ፊልምሜከር ሞድ" የሚል ካለውም እሱን ብቻ ምረጪ፣ ይበቃል። ካቃተሽ ተይው፣ ስመጣ አጠፋዋለሁ።

ሙዚቃ ላይ ግን እከራከርሻለሁ። "የዛሬ ዘፈን ሳይጀምር ያልቃል" ትያለሽ። ልክ ነሽ፣ ስፖቲፋይ በሚባለው የሙዚቃ ማዳመጫ መተግበሪያ ላይ አንድ ዘፈን ተደመጠ ተብሎ የሚቆጠረው 30 ሰከንድ ሲሞላው ነው፣ ስለዚህ ዘፋኙ በረጅም መግቢያ ሰው ከሚሸሸው ሮጦ አዝማቹ ውስጥ ይገባል። ግን ዘፈን መቼ ከዕቃው ነፃ ሆኖ ያውቃል? በደቂቃ 78 ጊዜ የሚዞረው የጥንቱ ሸክላ በአንድ ገጹ 3 ደቂቃ ገደማ ቢይዝ ነው፣ እነዚያም ዘፋኞች በዚያው ልክ ነበር የሚቆርጡት። እነሱን "ቸኮሉ" የሚላቸው የለም። ያ "ቆርቆሮ ውስጥ ገብቶ የሚዘፍን" የምትዪው ድምፅ ደግሞ ኦቶቲዩን ከሚባል የሳተ ዜማ የሚያቃና ሶፍትዌር ነው የሚመጣው፣ እ.ኤ.አ. በ1997 ነው የወጣው። የሠራው አንዲ ሂልደብራንድ የሚባል መሐንዲስ ነው፣ ሰውዬው ከዚያ በፊት በድምፅ ሞገድ ከመሬት ሥር ነዳጅ ፍለጋ ላይ ነበር። ዜማ መሳቱን ለመደበቅ ሲሆን እኔንም ያናድደኛል። አውቀው ሲጫወቱበት ግን እወደዋለሁ፣ ምን ትሆኚ!

ካሴት ላይ ትረቺኛለሽ። መዝለል አድካሚ ነበራ! ወደፊት ስታስኬጂው ያልፍሻል፣ መልሰሽ ስታጠነጥኚ ይበልጥሻል፣ በመጨረሻ ሰልችቶሽ የማትወጂውንም ዘፈን ትሰሚዋለሽ፣ በአራተኛው ቀን አብረሽው ታዜሚያለሽ። ባለፈው ወር ሞከርኩት፣ አንድ አልበም ሳልዘል ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በተራ ሰማሁ። ሰባተኛው ዘፈን ላይ ጣቴ ሦስቴ ሄዳ ተመለሰች። አሁን ከሁሉም የምወደው እሱን ነው።

ተከታታይ ድራማም እንደዚሁ። ኔትፍሊክስ እ.ኤ.አ. በ2012 ሙሉ ሲዝን በአንድ ቀን መልቀቅ ከጀመረ ወዲህ እኛ ሌሊቱን አንግተን እንጨርሳለን። ከሁለት ሳምንት በኋላ የዋናው ገጸ ባሕርይ ስም ማን ነበር ብትዪኝ አላውቀውም። አንቺ በሳምንት አንድ ክፍል ታያለሽ፣ ስድስቱን ቀን ከጓደኛሽ ጋር በስልክ ትመረምሪዋለሽ። "ገዳዩማ ያ ታዋቂው ተዋናይ ነው፣ ለሁለት ደቂቃ ሥራ ያን ሁሉ ብር አይከፍሉትም።" በዚህ ዘዴሽ ስንቱን ፊልም አበላሽተሽብኛል፣ እስካሁን ስትስቺ ግን አላየሁም።

አኒሜሽንን "የልጅ ነው" ማለትሽን ግን አልቀበልም። ባለፈው እኔ ሳይ በሩ ጋ ቆመሽ ዓይንሽን ስትጠርጊ አይቼሻለሁ። ጉንፋን አልነበረም።

ቅዳሜ ሳውንድባር ይዤልሽ እመጣለሁ፣ ቲቪው ሥር የሚቀመጥ ረጅም ስፒከር ነው፣ ንግግሩን ከፍ የሚያደርግ ቁልፍ አለው። ያቺን የጀመርናትን ድራማ የቀሩትን ሁለት ክፍሎች ያለኔ እንዳታዪያቸው። ገዳዩን ካወቅሽውም፣ መቼም አውቀሽዋል፣ እባክሽ አትንገሪኝ።

ልጅሽ