ድንኳኑንም ጨዋታውንም ላዋሳችሁን ሁሉ

ይድረስ ለአራት ኪሎና አካባቢዋ ነዋሪዎች፣ ለወላጆች፣ ለዕድራችን አባላት እንዲሁም ቅዳሜ ዕለት ዝናቡን ችላችሁ ለመጣችሁ እንግዶች በሙሉ፤

የልጆቻችን የባህል ዝግጅት በሰላም ተጠናቋል። እግዜር ይስጥልን። የትምህርት ቤታችን የኪነ ጥበብ ክበብ አስተባባሪ ስለሆንኩ ምስጋናው በእኔ በኩል እንዲቀርብ ተወስኗል። በዕለቱ መድረክ ላይ ወጥቼ ላመሰግን ሞክሬ ነበር። ያኔ ግን ማይኩ ስለማይሠራ ከፊት ረድፍ በቀር የሰማኝ የለም። እንግዲህ በጽሑፍ ይሁን።

መጀመሪያ ዝግጅቱ ለምን እንደ ሌላው ጊዜ እንዳልሆነ ልናገር፤ የጠየቃችሁኝ ብዙ ናችሁ። ከ1999 ዓ.ም. ጀምሮ ኅዳር 29 የብሔር ብሔረሰቦችና ሕዝቦች ቀን ሲከበር በየትምህርት ቤቱ የሚሆነው የታወቀ ነው። ልብስ ይከራያል። ቅልቅል ዘፈን በፍላሽ ይመጣል። ለአንዱ ሁለት ደቂቃ፣ ለሌላው ሁለት ደቂቃ። እስክስታው ገና ሳይሞቅ ዘፈኑ ወደ ጉራጊኛ ይሻገራል፤ ልጆቹም ከመጋረጃ ጀርባ እየተጋፉ ልብስ ይቀያይራሉ። የጋምቤላውን ልብስ የሚለብሰው ሁልጊዜ ያው ረጅሙ ልጅ ነው። ደስ አይልም ማለቴ አይደለም፤ ሰው ያጨበጭባል። ግን ከመድረክ ሲወርዱ "ይሄ ጨዋታ መቼ ነው የሚጨፈረው? ማን ነው የሚጨፍረው?" ብትሏቸው ዓይን ዓይናችሁን ነው የሚያዩት።

የዘንድሮው ሐሳብ የመጣው ከስድስት ኪሎ ነው። ሥዕል የሚሞክሩትን ልጆች ዩኒቨርሲቲው ግቢ ውስጥ ወዳለው የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም ሙዚየም ወስደናቸው ነበር። ቤቱ ቀድሞ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቤተ መንግሥት፣ ገነተ ልዑል የነበረው ነው። እዚያ ዕቃው የተደረደረው በክልል አይደለም፤ በሰው ዕድሜ ነው። መጀመሪያ ልጅነት፣ ከዚያ ጉልምስና፣ ከዚያ ሞትና ከሞት በኋላ ያለው። አንዷ የአሥራ አንደኛ ክፍል ልጅ እርሳሷን ጆሮዋ ላይ እንደሰካች "ቲቸር፣ የኛንስ እንዲህ ብናደርገው?" አለችኝ። ክበቡ ውስጥ ጭቅጭቅ ተነሣ። "የኛ ብሔር ሊቀር ነው" ያለም ነበር። በመጨረሻ በድምፅ ብልጫ አለፈ። ልጆቹ ወለሉ ላይ ተዘርፍጠው ሲስሉ ለታገሣችኋቸው የሙዚየሙ ሠራተኞች ምስጋናዬ ይድረሳችሁ።

ልጅነት የእናቶች ነበር። በየቤታችሁ ልጅ የምታባብሉበትን እሹሩሩ በየቋንቋችሁ እንድታዜሙልን ስንለምናችሁ "መድረክ ላይ ወጥተን? ኧረ በሕግ!" አላችሁ። ከመጋረጃው ጀርባ ከሆነ ግን እሺ። እንዲያውም እንደዚያ ይሻል ነበር። ተመልካቹ በኦሮምኛ፣ በትግርኛ፣ በወላይትኛ የሚባባል ልጅ ሰማ፤ የማን እናት እንደሆነች ግን አላየም። አንዱ ልጅ ድምፅዋን ሰምቶ "እማዬ ናት!" ብሎ ሲጮኽ የሳቃችሁትን አስታውሳለሁ።

ከሲዳማ የመጡት ቤተሰቦች ደግሞ የፍቼ ጫምባላላን አንድ ቁራጭ አመጡልን። በዓሉን ዩኔስኮ በ2015 እ.ኤ.አ. መዝግቦታል፤ ይህን ልጆቹ በፖስተር ጽፈውት ነበር። ያስደሰታቸው ግን መዝገቡ ሳይሆን ሌላው ነው። በጫምባላላ ልጆች ከቤት ቤት እየዞሩ "አይዴ ጫምባላላ" ይላሉ፤ የየቤቱ ባለቤት ደግሞ ከእንሰት፣ ከቅቤና ከወተት የተሠራ ቡርሳሜ ያበላቸዋል። የኛዎቹም በተመልካቹ መሐል ዞሩ። እትዬ፣ ቡርሳሜውን ያን ለሚያህል ሰው ያበቃቃሽበትን ዘዴ እስካሁን አልደረስኩበትም። ቆጮውን ከመርካቶ፣ ቅቤውን ከራስሽ ቤት አምጥተሽ ለሒሳብ ስንጠይቅሽ ተቆጣሽን። እጅሽ ይባረክ።

መብራት የሄደው እንቆቅልሽ ላይ ስንደርስ ነው። ከዚያ በፊት ደግሞ ሌላ ጉድ ነበር። ድምፅ ማጉያ ሊያከራየን ቀብድ የወሰደ ሰው በማግስቱ ስልኩን ዘጋ። ስሙን አልጠራም፣ እሱም ልጅ ይኖረዋል። የሰፈራችን የሠርግ ዲጄ ሞንታርቦውን በነፃ አመጣልን፤ መብራት ሲሄድ ግን እሱስ ምን ያድርግ? ደግነቱ እንቆቅልሽ ማይክ አይፈልግም። ልጆቹ ወደ ሕዝቡ ገብተው "እንቆቅልሽ!" ሲሉ አዛውንቶቹ "ምን አውቅልህ!" ብለው ተቀበሉ። ከወዲያ ማዶ በኦሮምኛ ሂቦ ተጀመረ። መልስ ያቃተው "አገር ስጠኝ" ሲባል አንዱ አባት መርካቶን ሰጡ፣ ሌላው ቦሌን። ጄኔሬተር ፍለጋ የሮጠው የጥበቃ ሠራተኛችን ሲመለስ ማንም ሊያየው አልፈለገም። ወንድሜ፣ አንተ ግን ጠብ እርግፍ ብለሃል፤ ምስጋናህ እዚህ ተጽፏል።

አሁን ሸማኔው ዘንድ ልምጣ። ከሽሮ ሜዳ የመጡት የዶርዜ አባት ሙሽራ የምትለብሰውን ነጠላ መድረክ ላይ እንዲሠሩልን ነበር የጠየቅናቸው። ችግሩን ያየነው ዕቃው ሲደርስ ነው። ሸማኔ የሚሠራው እግሩን ጉድጓድ ውስጥ አድርጎ ነው፤ መርገጫው እዚያ ታች ነው ያለው። የኛ መድረክ ሲሚንቶ ነው። ልጆቹ ጠረጴዛ እንደርድር ሲሉ እርሳቸው ዝም ብለው የመድረኩን ከፍታ በስንዝር ለኩ። ከዚያ ጠርዙ ላይ ተቀመጡ፤ እግራቸው ወደ ታች ተንጠለጠለ፤ መርገጫውን እዚያው አሰሩ። ድሩን ደግሞ ወደ ሕዝቡ ወጥረው ከድንኳኑ ምሰሶ ጋር አያያዙት። መወርወሪያው ከግራ ወደ ቀኝ ሲበር የፊት ረድፍ ልጆች አንገታቸውን አብረው ያዞሩ ነበር። ጥለቱ ላይ ሲደርሱ ክሩን አንድ በአንድ በጣታቸው እያነሱ ስለሚያስገቡ ፍጥነቱ ቀረ። ይሄን ያየ ልጅ ነጠላ ሲገዛ ዋጋ የሚከራከር አይመስለኝም። አባቴ፣ እድሜ ይስጥልን። ልጅዎ አጠገብዎ ቆሞ ሲያስረዳ የነበረውን ኩራት እርስዎ ጀርባዎን ሰጥተውት ስለነበር አላዩትም፤ እኛ አይተንልዎታል።

የደራሼ ፊላን ለሞከሩት ልጆች ብዙ ሰው ውለታ ውሎላቸዋል። ፊላ የቀርከሃ ዋሽንቶች ስብስብ ነው። እያንዳንዱ ዋሽንት አንድ ድምፅ ብቻ ነው ያለው፤ ዜማው የሚወጣው ሁሉም ተራውን ጠብቆ ሲነፋ ነው። ቀርከሃ ስላላገኘን የኤሌክትሪክ መስመር የሚገባበትን ፕላስቲክ ቱቦ ቆረጥን። ረጅሙ ወፍራም ድምፅ፣ አጭሩ ቀጭን ድምፅ ይሰጣል። ቁርጥራጩን ያለ ክፍያ የሰጠን የሕንፃ መሣሪያ ነጋዴ "ለመብራት ነው?" ሲለን "ለሙዚቃ" ብንለው አላመነም፤ ቅዳሜ መጥቶ አይቷል። አንድ የሙዚቃ ተማሪ ከትምህርቱ በኋላ እየመጣ አለማመዳቸው። የሚያስቸግራቸው መንፋቱ አልነበረም፤ ሳይነፉ መጠበቁ ነው። አሥረኛ ክፍልን ሰባት ሰኮንድ ዝም ማሰኘት ቀላል እንዳይመስላችሁ። ስለ ገዳ ሥርዓት ያቀረቡትም ጥሩ ነበሩ። ሥልጣን በየ8 ዓመቱ እንዴት እንደሚተላለፍ በትር እየተቀባበሉ አሳዩ፤ ትንሽ ረዘመ እንጂ።

ሞት የሚለው ክፍል ላይ ደግሞ እኔ ራሴ ፈርቼ ነበር። ሙሾ እናስወጣለን ብለው ልጆቹ አንዲት እማማ ቤት ሄዱ። "ሰው ሳይሞት ሙሾ? ሟርት ነው፤ ውጡልኝ!" አሏቸው። ልክ ናቸው። በኋላ ግን ጠርተው አስቀመጧቸውና አልቃሽ እንዴት ግጥም እንደምታወጣ፣ የሟቹን ሙያ፣ ዘመድና ደግነት ከየት እንደምትለቅም ነገሯቸው። ልጆቹ ያንን ጽፈው አነበቡ። ሙሾው ሳይወጣ ስለ ሙሾ አወቅን። እማማ፣ ፈቃድዎን አስቀድመን ጠይቀን ነው ያነበብነው፤ እንደተስማሙበት ስምዎንም አላነሣንም።

ዕድራችን ድንኳኑን፣ አግዳሚ ወንበሩን፣ ብረት ድስቱንና ትሪውን በሙሉ ሰጠን። "ለለቅሶ የሚያስፈልግ ከመጣ ግን ዝግጅታችሁ መሐል ላይም ቢሆን እናነሣለን" የሚል ነበር ውሉ። የተገባ ውል ነው። ዕድር ለዚህ ክፍል ከማንም በላይ የሚመጥን ነበር፤ መዝገቡ ላይ የሌለ ብሔር የለም፣ ወርኃዊ መዋጮውም ለሁሉም እኩል ነው። ጡሩምባ ነፊው ጋሼ በልምምድ ቀን አንድ ጊዜ ብቻ ነፉልን። ጎረቤት እትዬ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው "ማነው? ማን ሞተ?" እያሉ ወጡ። ማንም እንዳልሞተ ሲያውቁ መጀመሪያ ተቆጡን፣ ቀጥለው ሳቁ፣ ቅዳሜ ደግሞ ከፊት ረድፍ ተቀምጠው አየኋቸው። በዕለቱ ጡሩምባው አልተነፋም፤ ጋሼ በእጃቸው ይዘው ታሪኩን ብቻ ተናገሩ።

የግድግዳው ጽሑፍና ሥዕል ብዙ ስለሆነ አንዱን ብቻ ላንሣ። "ቤታችሁ ውስጥ ስላለ አንድ ዕቃ ጻፉ" ብለን ነበር። ቤተሰቦቿ ካዛንቺስ ሲፈርስ ገላን ጉራ የገቡ ልጅ ስለ እናቷ አገልግል ጻፈች። ዕቃ ሲጫን አባትየው "ይሄ ያረጀ ነገር ይቅር" ሲሉ እናትየው አገልግሉን ታቅፈው ጋቢና ገቡ ትላለች። ጽሑፉ ከዚህ በላይ አያስረዳም፣ አላስፈለገውምም። ከገላን ጉራ እየተመላለሱ የሚለማመዱ ሌሎችም ነበሩ። ልምምድ ሲያመሽ ታክሲ ተራ ድረስ የሸኛችኋቸው ወላጆች፣ ሞልቶም ቢሆን ያሳፈራችኋቸው ሹፌሮችና ረዳቶች፣ ያለ እናንተ ግማሹ ክበብ ይቀር ነበር።

አንድ ቅሬታ የሰማሁት የአፋር፣ የሶማሌ፣ የሐረሪና የሌሎችም ጨዋታ አልቀረበም የሚል ነው። እውነት ነው። ሁሉን በሁለት ደቂቃ ከማሳለፍ ጥቂቱን በደንብ ማቅረብ ይሻላል ብለን ነው፤ አሁንም አቋሜ ይኸው ነው። የሚያውቅ፣ የሚያስተምር ሰው ካለ ከመስከረም ጀምሮ ማክሰኞና ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ክበቡ ክፍት ነው።

የዕድሩ ዕቃ ተቆጥሮ ተመልሷል፤ የጎደለው አንድ ጭልፋ ተገዝቶ ተተክቷል። በተረፈ የማን እንደሆነ ያልታወቀ አንድ ሙቀጫ ከነዘነዘናው፣ ሁለት ጃንጥላና አንድ የግራ እግር የልጅ ጫማ ቢሮዬ ውስጥ አሉ። ባለቤቶቹ በሥራ ሰዓት መጥታችሁ ውሰዱልን። ሙቀጫው በሩን ይዞታል።

ከአክብሮት ጋር፣
የኪነ ጥበብ ክበቡ አስተባባሪ መምህር